ከባሌስትራ ወደ ጥምዝ ሞላ፤ የላንድ ሮቨር ሰስፔንሽን ታሪክና የአሮጌ መኪና ማሻሻል ጥያቄ

መግቢያ

የመኪና ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ገጽ የሚይዘው ሞተሩ ነው። የፈረስ ጉልበቱ ስንት እንደ ሆነ፥ በሰዓት ምን ያህል እንደሚሮጥ፥ ነዳጅም ምን ያህል እንደሚፈጅ በሰፊው ይተረካል። ጭነቱን ተሸክሞ፥ የድንጋዩንና የጉድጓዱን ምት ተቀብሎ፥ ተሳፋሪውን ከመንገላታት የሚያድነው ክፍል ግን ከመኪናው ሥር ተደብቆ እንደሚኖር ሁሉ፥ በጸሐፊዎችም ዘንድ ተደብቆ ቀርቷል። ይህ ክፍል ሰስፔንሽን ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ክፍል ታሪክ በአንድ የታወቀ መኪና፥ ማለት በላንድ ሮቨር፥ ምሳሌነት መርምሮ ሁለት ጥያቄዎችን ለመመለስ መሞከር ነው። አንደኛው፥ በፈረስ ሠረገላ ዘመን የተፈለሰፈው ባሌስትራ ከእርሱ የተሻለ ነገር ከታወቀ በኋላ ስለ ምን ያን ያህል ዘመን ቆየ? የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ አሮጌ ባለባሌስትራ መኪና ያለው ሰው ሰስፔንሽኑን አሻሽላለሁ ብሎ ሲነሣ ምን ያተርፋል፥ ምንስ ያጣል? የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ሥር እንዳለው ከዚህ በታች እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ስለ ስሙና ስለ አመጣጡ

በአገራችን ጋራዦች የሚነገረው የመካኒክ ቋንቋ ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው። ባሌስትራ፥ ሞላ፥ ቦኮላ፥ ካቻቢቴ፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን የሚባሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ባሌስትራ የሚለው ቃል በጣሊያንኛ ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው በመካከለኛው ዘመን ወታደሮች ፍላጻ ይወረውሩበት የነበረው ባለእጀታ ቀስት ሲሆን፥ ሁለተኛው የመኪና መሸከሚያ ብረት ነው። ስሙ ከጦር መሣሪያ ወደ መኪና መዛወሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ሕግ ነው፤ ጎብጦ ኃይልን ያጠራቅማል፥ ሲለቀቅም ያጠራቀመውን መልሶ ይሰጣል።

ሰስፔንሽን የሚለውም ቃል የራሱ ታሪክ አለው፤ ትርጓሜው መንጠልጠል ማለት ነው። በቀድሞ ዘመን የአውሮፓ መሳፍንት የሚሄዱበት ሠረገላ ሣጥኑ በወፍራም የቆዳ ጠፍር ከጎማው ጋሪ በላይ ተንጠልጥሎ ይጓዝ ነበር። ጠፍሩ ቀርቶ ብረት ከተተካ በኋላም ስሙ እንዳለ ቀረ።

የብረት ሞላ ጠባይ በሳይንስ መንገድ የተገለጸው በእንግሊዛዊው ሊቅ በሮበርት ሁክ ሲሆን፥ ይህም እ.ኤ.አ. በ1678 በታተመው ጽሑፉ ነው። ፍሬ ነገሩም ሞላ የሚለጠጠው ወይም የሚታጠፈው በተጫነበት ኃይል መጠን ነው የሚል ነው። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን መጉበጡም እጥፍ ይሆናል። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1804 የለንደኑ ሠረገላ ሠሪ ኦባዲያ ኤሊዮት ከተደራረቡ ዝርግ ብረቶች የተሠራውን ሞላላ ባሌስትራ በስሙ አስመዘገበ። ከእርሱ በፊትም ሠረገላዎች የብረት ሞላ ነበራቸው፤ የኤሊዮት አሠራር ጥቅም ግን ባሌስትራው ራሱ ሣጥኑንና አክስሉን ስለሚያያይዝ፥ ከሠረገላው ሥር ከፊት እስከ ኋላ ይዘረጋ የነበረውን ከባድ ግንድ ማስቀረቱ ነው። ይህ ነገር በሚገባ ሊጤን ይገባዋል። ባሌስትራ ገና ከመነሻው የተወደደው ስለ ተመቸ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ዕቃ ሆኖ የብዙ ዕቃ ሥራ ስለሚሠራም ነበር።

2. ባሌስትራ የሚሠራቸው ሦስት ሥራዎች

የመጀመሪያው ሥራ ጭነት መሸከም ነው። ዝርግ ብረቶቹ ረጅሙ ከላይ፥ አጭሩ ከታች ሆነው ይደረደሩና በመካከላቸው በቡሎን ይጠበቃሉ። አንዱ ብረት ብቻውን ቢሆን በቀላሉ ይሰበር ነበር፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ግን ሲተባበሩ ብዙ ኩንታል ይሸከማሉ።

ሁለተኛው ሥራ አክስሉን በቦታው መያዝ ነው። ባሌስትራው በአንድ ራሱ ከሻንሲው ጋር በቀጥታ ይታሰራል፤ በሌላው ራሱ ግን በሚወዛወዝ ማንጠልጠያ ይያያዛል፤ ምክንያቱም ጭነት ሲጫንበት ጉብጠቱ ተዘርግቶ ርዝመቱ ይጨምራልና ነው። አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳይሸሽ የሚከለክለው፥ ሞተሩ ሲገፋና ፍሬን ሲያዝም የሚመጣውን የመጠምዘዝ ኃይል የሚቋቋመው ይኸው ባሌስትራ ነው።

ሦስተኛው ሥራ ንዝረትን ማብረድ ነው። ዝርግ ብረቶቹ እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ከመንገዱ የመጣው ኃይል ከፊሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ስለዚህ መኪናው አንድ ጊዜ ከነጠረ በኋላ ሳያቋርጥ እንደ ኳስ አይዘልም።

እነዚህ ሦስት ሥራዎች በአንድ ዕቃ መጠቅለላቸው የባሌስትራ ጥንካሬም ድካምም ነው። የፍትጊያው መጠን በሚፈለገው ልክ የሚስተካከል አይደለም። መኪናው በጥቃቅን ጠጠር ላይ ሲሄድ የመንገዱ ምት ፍትጊያውን ለማሸነፍ አይበቃም፤ ስለዚህ ባሌስትራው ሳይታጠፍ ምቱ በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል። ብረቶቹ ዝገው ሲጣበቁ ደግሞ የተደራረበው ሁሉ እንደ አንድ ግንድ ይሆናል። እንዲሁም ሾፌሩ በአቀበት ላይ በኃይል ሲነዳ አክስሉ ባሌስትራውን ጠምዞ እንደ ውሃ ሞገድ ያጣምመዋል፤ ጎማውም መሬቱን ለቅቆ ይንቀጠቀጣል።

ሌላው ነገር የርዝመትና የውፍረት ጉዳይ ነው። የባሌስትራ ግትርነት በብረቶቹ ቁጥርና ወርድ ልክ፥ በውፍረታቸው ደግሞ በሦስተኛ ደረጃ ይጨምራል፤ በርዝመቱ ግን በሦስተኛ ደረጃ ይቀንሳል። ለምሳሌ 90 ሴንቲ ሜትር የነበረውን ባሌስትራ 108 ሴንቲ ሜትር ብናደርገው ርዝመቱ የጨመረው በ20 በመቶ ብቻ ነው፤ ግትርነቱ ግን ወደ 58 በመቶ ይወርዳል። በአጭር መኪና ሥር ረጅም ባሌስትራ ለመዘርጋት ስፍራ አይገኝም። አጫጭር የገጠር መኪናዎች የሚያንገላቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

3. ከዊሊስ ጂፕ ወደ ላንድ ሮቨር

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዊሊስና ፎርድ የተባሉት የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከ600,000 በላይ ጂፖች ሠርተዋል። በፊትና በኋላ ጎማው መካከል የነበረው ርቀት 80 ኢንች፥ ማለት 203 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ አራቱም ጎማዎች በባሌስትራ ላይ የቆሙ ነበሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ ብዙዎቹ ጂፖች በርካሽ ተሸጡ። ከገዢዎቹም አንዱ የእንግሊዙ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ ነበር። በዌልስ አገር በአንግልሲ ደሴት በነበረው እርሻው ላይ በጂፑ ይሠራ ነበርና፥ እ.ኤ.አ. በ1947 የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከነበረው ከወንድሙ ከስፔንሰር ዊልክስ ጋር ተማክሮ ለገበሬ የሚሆን ተመሳሳይ መኪና ለመሥራት ወሰኑ። መኪናውም ላንድ ሮቨር ተብሎ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1948 መጨረሻ በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ።

የዚያን ጊዜ እንግሊዝ በጦርነቱ ደክማ ነበር፤ ብረት በራሽን ይታደል ነበር፥ መንግሥትም የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ዕቃ እንዲሠራ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ የላንድ ሮቨር አካል ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ርቀቱ እንደ ጂፑ 80 ኢንች ሆነ፤ ሰስፔንሽኑም እንደ ጂፑ አራት ባሌስትራ ሆኖ የቱቦ ቅርጽ ያለው የዘይት አሞርዛተር ታከለበት። በቶሎና በርካሽ ለመሥራት የታወቀውን መንገድ መከተል ይገባ ነበርና ነው።

የሌላ ምርጫ ዕውቀት አልነበረም ለማለት ግን አይቻልም። በዚያው ዘመን በጀርመን አገር በአልበርት ፍሪድሪክ መሪነት የተሠራው ኡኒሞግ የተባለው የእርሻ መኪና በአራቱም ጎማ ላይ ጥምዝ ሞላ ነበረው። ሁለቱም ለገበሬ የታሰቡ፥ ሁለቱም የጦርነት ድህነት የወለዳቸው መኪናዎች ናቸው። የተለያየ መንገድ መምረጣቸው የሚያስረዳን፥ የቴክኒክ ታሪክ አንዱ ፈጠራ ሌላውን ወዲያው እየጣለ በቀጥታ መስመር የሚሄድ አለመሆኑን ነው።

ላንድ ሮቨር ከዚያ በኋላ እያደገ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1958 ሁለተኛው፥ በ1971 ሦስተኛው ዓይነት ወጣ፤ በ1976 ሚሊዮንኛው መኪና ተሠራ። ሞተሩ፥ መብራቱ፥ ካምቢዮው ተለዋወጠ። ባሌስትራው ግን አልተነካም።

4. የጥምዝ ሞላ መምጣት

እ.ኤ.አ. በ1970 ይኸው ኩባንያ ሬንጅ ሮቨር የተባለውን መኪና አወጣ። የሥራው መሪ የዊልክስ ወንድማማቾች የእኅት ልጅ የነበረው ቻርልስ ስፔንሰር ኪንግ ሲሆን፥ ጎርደን ባሽፎርድ የተባለው መሐንዲስም አብሮት ነበር። በዚህ መኪና አራቱም ጎማዎች ብዙ ከፍና ዝቅ በሚሉ ለስላሳ ጥምዝ ሞላዎች ላይ ቆሙ። አክስሎቹ ግን እንደ ድሮው ድፍን ነበሩ።

እዚህ ላይ የጽሑፋችን ዋና ነጥብ ይገለጣል። ጥምዝ ሞላ ከባሌስትራ ሦስት ሥራዎች መካከል የሚችለው አንዱን ብቻ፥ ማለት ጭነት መሸከምን ነው። አክስሉን መያዝ አይችልም፤ ንዝረትን ማብረድም አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ለተቀሩት ሥራዎች ሌላ ሠራተኛ መቅጠር ነበረባቸው። በፊት በኩል አክስሉን የሚይዙ ሁለት ክንዶችና ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚከለክል አንድ አግድም ዘንግ፥ በኋላ በኩልም ሁለት የታች ክንዶችና በላይ መካከል ሁለት እግር ያለው አንድ ማያያዣ ተደረገ። ማብረዱ ለአሞርዛተሮቹ ብቻ ተተወ። ለስላሳው ሞላ ጭነት ሲበዛበት የኋላው ክፍል እንዳይቀመጥ ደግሞ ከፍታውን በራሱ የሚያስተካክል የዘይት መሣሪያ ተጨመረ። ቀድሞ አንድ ዕቃ ይሠራው የነበረውን አሁን ብዙ ዕቃዎች ተካፈሉት።

ውጤቱ እጅግ ያማረ ነበር። ጎማዎቹ ያልተስተካከለውን መሬት ሳይለቁ ስለሚከተሉ መኪናው በድንጋያማ ስፍራ የመጎተት ኃይሉን አያጣም ነበር፤ በአስፋልትም ላይ ተሳፋሪው እንደ ከተማ መኪና ይመቸው ነበር። ነገር ግን በመታጠፊያ ላይ አካሉ በብዙ ያዘነብል ነበር። ለስላሳነት ያለ ዋጋ አልተገኘም።

ከዚህ በኋላ አንድ የሚያስገርም ነገር እናያለን። ፋብሪካው ጥምዝ ሞላን በ1970 ቢያውቅም ለሠራተኛው ላንድ ሮቨር የሰጠው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የሬንጅ ሮቨር ትልቅ ሞተር ያለው ላንድ ሮቨር ሲወጣ እንኳ ከሥሩ ባሌስትራ ነበረ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1983 ዋን ቴን፥ በ1984 ናይንቲ የተባሉት ባለጥምዝ ሞላ መኪናዎች ወጡ፤ የባለባሌስትራው ሥራ በ1985 ቆመ። አዲሶቹም ኋላ ዲፌንደር የሚል ስም ተሰጥቷቸው እስከ 2016 ተሠሩ።

ለመዘግየቱ ምክንያቱ ምንድር ነው? አንዳንዶች ላንድ ሮቨር በ1970ዎቹ ዓመታት በአፍሪካና በአውስትራሊያ ገበያውን ለቶዮታ ላንድ ክሩዘር የለቀቀው ሰስፔንሽኑ ስላረጀ ነው ሊሉ ይችላሉ። ይህ አስተያየት ግን አይጸናም፤ ገበያውን የወሰደው ላንድ ክሩዘር ራሱ በባሌስትራ ላይ የቆመ ነበርና። ገዢው የፈለገው ጉልበትና የማይሰበር ዕቃ ነበር። ስለዚህ ባሌስትራው እስኪለወጥ ድረስ ፋብሪካውን የሚያጣድፈው ብርቱ ግፊት አልነበረም፤ የገንዘብ ችግሩ ግን ብርቱ ነበር። ኩባንያው የተጠቃለለበት ብሪቲሽ ሌይላንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከኪሳራ የዳነው በመንግሥት እጅ ገብቶ ነው። ሻንሲን እንደ አዲስ ማውጣት ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ወጪ ነው።

ዛሬም ቢሆን ባሌስትራ አልሞተም። ብዙ የጭነት መኪናዎችና ፒካፖች ከኋላቸው የሚሸከሙት በእርሱ ነው።

5. አሮጌውን መኪና ማሻሻል

ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ሰዎች አሮጌ ባለባሌስትራ ላንድ ሮቨሮችን እያደሱ ይነዳሉ። ባለቤቱ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የሚመርጣቸው መንገዶች ከዚህ በላይ ያየነውን የታሪክ ጉዞ በአጭሩ ይደግሙታል።

የመጀመሪያው መንገድ ያለውን ማደስ ነው። ባሌስትራው ይፈታል፤ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ብረቶቹ ግራሶ ተቀብተው ይገጠማሉ፤ ያለቁት ቦኮላዎችና ማንጠልጠያዎች ይለወጣሉ። መኪናው አንገላታኝ ብሎ የሚያማርር ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚያማርረው በባሌስትራ ላይ ሳይሆን በዝገት ላይ ነው። በዚህ ሥራ ጊዜ የግራውንና የቀኙን ማቀያየር አይገባም፤ በእነዚህ መኪናዎች የሾፌሩ ወገን ባሌስትራ የሾፌሩንና የነዳጅ ጋኑን ክብደት እንዲችል ከሌላው ለየት ተደርጎ ተሠርቷልና፥ ቢቀያየር መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ሁለተኛው መንገድ ተጨማሪ ብረት መደረብ ወይም የሰለለውን እንደገና ማጉበጥ ነው። በ10 ብረት ላይ ተመሳሳይ አንድ ቢጨመር ግትርነቱ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለከባድ ጭነት ይበጃል፤ ለባዶ መኪና ግን መንገላታትን ማብዛት ነው። ማንጠልጠያውን በማስረዘም መኪናውን ከፍ ማድረግም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የፊት አክስሉን ዝንባሌ ስለሚለውጠው መሪው ቀጥ ብሎ አይሄድም። የመኪናው ክብደት መካከለኛ ነጥብም ከፍ ስለሚል በመታጠፊያ የመገልበጥ አደጋ ይጨምራል።

ሦስተኛው መንገድ ፓራቦሊክ የተባለውን ባሌስትራ መግጠም ነው። ይህ ዓይነት ባሌስትራ ሁለት ወይም ሦስት ብረት ብቻ ያለው ሲሆን፥ እያንዳንዱ ብረት በመካከሉ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ብረቶቹ ከመካከላቸውና ከጫፋቸው በቀር ስለማይነካኩ ፍትጊያው እጅግ ያንሳል፤ መኪናውም ለጥቃቅን ምት ይለሰልሳል። ሻንሲው አይቆረጥም፥ ቡሎን ፈትቶ ማሰር ብቻ ነው። ነገር ግን ፍትጊያው ሲቀር ማብረጃው ቀረ ማለት ነው። አሮጌውን አሞርዛተር ትቶ ባሌስትራውን ብቻ የለወጠ ሰው መኪናው እንደ ኳስ ሲነጥርበት ይደነግጣል፤ ሁለቱ አብረው መለወጥ አለባቸው።

አራተኛው መንገድ ወደ ጥምዝ ሞላ መሻገር ነው። የባሌስትራው መያዣዎች ከሻንሲው ተቆርጠው የሞላ መቀመጫና የክንድ መያዣ በብየዳ ይገጠማል፤ ወይም የአሮጌው ላንድ ሮቨር አካል በሬንጅ ሮቨር ሻንሲ ላይ ይቀመጣል። ምቾቱ አያጠያይቅም። ነገር ግን አክስሉን የሚይዘው እያንዳንዱ ክንድ የሚታመነው በብየዳው ነው፤ ብየዳው በፍሬን ጊዜ ቢለቅቅ መኪናው መሪ አልባ ይሆናል። ይህ ሥራ ያለ ልክና ያለ ሙያ በድፍረት የሚሞከር አይደለም።

6. መኪናው ያው መኪና ነው ወይ?

አራተኛው መንገድ ሌላም ጥያቄ ያስከትላል። በእንግሊዝ አገር የመኪና መዝገብ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት በነጥብ ይፈርድ ነበር። ለሻንሲ 5፥ ለሰስፔንሽን 2፥ ለአክስሎች 2፥ ለካምቢዮ 2፥ ለመሪ 2፥ ለሞተር 1 ነጥብ ተመድቦ በድምሩ 14 ይሆናል። በብዙ የተለወጠ መኪና የቀድሞውን ቁጥሩን ይዞ እንዲኖር ቢያንስ 8 ነጥብ ሊቀርለት ይገባ ነበር። እንግዲህ እናስላ። ሻንሲው ተቆርጦ 5፥ ሰስፔንሽኑም ተለውጦ 2 ቢጠፋ የሚቀረው 7 ነው። በአንድ ነጥብ ጉድለት መኪናው በሕግ ፊት የቀድሞው መኪና መሆኑ ቀረ ማለት ነው። ፓራቦሊክ ባሌስትራ የገጠመው ግን፥ የሰስፔንሽኑ ነጥብ ቢወሰድበት እንኳ፥ 12 ይቀርለታል።

ይህ ሒሳብ የቢሮ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ለታሪክ ተማሪ አሮጌ መኪና እንደ ብራና መጽሐፍ የዘመኑ ምስክር ነው። ገጹ ተፍቆ እንደ ተጻፈበት ብራና፥ ሻንሲው የተቆረጠ መኪና የቀድሞ ምስክርነቱን መልሶ አይሰጥም። በሌላ ወገን ደግሞ መኪና ሊሠራ የተፈጠረ ዕቃ ነው፤ ባለቤቱም የጀርባ ሕመም እየታገሠ የታሪክ ዘበኛ ይሁን ማለት ፍትሕ አይደለም። እንደ እኔ አስተያየት ትክክለኛው መለኪያ መመለስ መቻል ነው። በቡሎን የተለወጠው በቡሎን ይመለሳል፤ በመጋዝ የተቆረጠው ግን አይመለስም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው ባሌስትራ የቆየው የተሻለ ስላልታወቀ አይደለም። መሸከምን፥ መያዝንና ማብረድን በአንድ ርካሽ ዕቃ ስለ ጠቀለለ፥ እንዲሁም አንጥረኛ በእሳትና በመዶሻ ሊጠግነው ስለሚችል ነው። ከሚደራረቡት ብረቶች አንዱ ቢሰበር ሌሎቹ ተሸክመው እስከ መንደር ያደርሳሉ፤ ከተሰበረው ጥምዝ ሞላ ግን ጠጋኝ የለም። በአገራችንም ያረጀ ባሌስትራ በአንጥረኛ እጅ ቢላዋና ማጭድ ሆኖ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። አሮጌ መኪናውን የሚያሻሽል ሰውም ሦስቱን ሥራዎች ለይቶ ማወቅ አለበት፤ አንዱን የነካ ሁለቱን ማን ይሥራቸው ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው።

በመጨረሻ ለኮሌጅ ጓደኞቼ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የአገራችን መካኒኮች ለእያንዳንዱ የመኪና ብልት ያላቸው ቃል፥ ባሌስትራን አጉብጠው የሚመልሱበትም ብልኃት በቃል ብቻ የሚኖር ነው። ሽማግሌ መካኒኮች በሕይወት ሳሉ ይህን ዕውቀት በየከተማው ጋራዥ እየዞረ የሚመዘግብ ተማሪ ቢነሣ፥ ከሞተሩ ሥር የተደበቀውን ታሪክ ከመጥፋት ያድነዋል።